ስናር ባይኖርስ?

ነሐሴ ላይ ከወሎዋ መካነ ሰላም ወጥቶ ወደ ደጋው የሚያቀና ሰው የገብስ ማሳ ዳር ቆም ብሎ ቢመለከት ገብሱን ከስናሩ አይለየውም። ሁለቱም ለምለም ናቸው፤ ቅጠላቸው ይመሳሰላል፤ ቁመታቸውም ያው ነው። ለአረም የወጣው ገበሬ ሙጃውንና ሌላውን አረም ቶሎ ቶሎ ይነቅላል፤ ስናሩ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ይሰበስባል። ገብስ እንዳይሆን ይሰጋል። መስከረም ጠብቶ እህሉ ሲያሸት ነው ስናሩ ራሱን የሚገልጠው። የገብሱ ፍሬ በአንድ ዛላ ተሰድሮ ሲታይ የስናሩ ተበታትኖ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ ደግሞ እጅ አጥሯል። ስናር ልንቀል ብሎ ማሳው መሀል የገባ ሰው የደረሰ ገብስ ረግጦ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይታጨዳሉ፤ አብረው ይከመራሉ፤ አውድማ ላይ አብረው ይወቃሉ። የመለየቱ ሥራ ሰፌድ ለያዙት ሴቶች ይቀራል።

ይህን አረም ሳስብ ሁልጊዜ አንድ የቆየ ጥያቄ አብሮ ይመጣብኛል። ደግና ክፉ የግድ አብረው መኖር አለባቸው ወይ? ክፉ ባይኖር ደግ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር ወይ? በዚያው አገር፣ በቦረናም ሆነ በሳይንት፣ በወግዲም ሆነ በከላላ፣ ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ሲጠና ነገሩ ከዚህ አይርቅም። አንዱ ጨለማ ባይኖር ብርሃን በምን ይታወቃል ይላል። ሌላው የራበው ነው የእንጀራን ዋጋ የሚያውቀው ብሎ ያጸናለታል። ሽማግሌዎቹም እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይሉና ወሬውን በምርቃት ይዘጉታል። ይህን የሚሉት ክፉ ቀን ያላዩ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ልጅ ቀብረዋል፤ ከብት አልቆባቸዋል፤ ቀዬ ጥለው ተሰደው ተመልሰዋል። ቃላቸውን የምሰማው በአክብሮት ነው። ነገር ግን ልቀበለው አልቻልኩም፤ ለምን እንዳልቻልኩ ነው የማስተነትነው።

አሳቡ እዚህ አገር እንዲህ ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ምድሩ ራሱ ሁሉን ነገር ጥንድ አድርጎ ያሳያል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ከእርሷ ሽቅብ ሲወጡ ውርጭ የሚመታው የገብስና የባቄላ አገር ነው፤ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ አባይ የቆረጠው ገደልና የማሽላው ቆላ። በገበያ ቀን ደገኛው ገብሱንና በጉን ይዞ ይመጣል፤ ቆለኛው ማሽላውንና ጤፉን ጭኖ ይወጣል። ክረምቱ በጋውን ይመግበዋል፤ በጋው ክረምት ያበቀለውን ያደርቅና ለአውድማ ያበቃዋል። እንዲህ ባለ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ዓለም ሁሉ በጥንድ በጥንዱ የተሠራ ቢመስለው አይፈረድበትም። ደጋና ቆላ ካሉ፣ ክረምትና በጋ ካሉ፣ ደግና ክፉስ ለምን በዚያው መዝገብ አይገቡም?

እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከሁለቱ አንዱን ብናነሳው ሌላው ምን ይጎድልበታል? ደጋውን ብናነሳ ቆላው ውሃ አጣ፤ ምንጩ የሚነሣው ከላይ ነውና። ቆላውን ብናነሳ ደገኛው ማሽላውንና ጤፉን፣ ገብሱንና በጉን የሚሸጥበትን ገበያም አጣ። ክረምትን ያነሳ በጋንም አጠፋ። እነዚህ እውነተኛ ጥንዶች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ነገር አለው። አሁን ይህንኑ ጥያቄ ወደ ገብሱ ማሳ ይዘን እንግባ። ስናሩን ብናነሳ ገብሱ ምን ይጎድልበታል?

በዚያ ደጋ አንዲት ጠና ያሉ እናት በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ገብስ ሲለቅሙ ይህንኑ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። ሰፌዱ ጉልበታቸው ላይ ነው። አንድ እፍኝ ገብስ ወደ መሀል ይስቡና በሌባ ጣታቸው እየገፉ ያሰልፉታል፤ ቀጭኑን፣ ጠቆር ያለውን፣ ጠጉር ያለበትን የስናር ፍሬ በጥፍራቸው እያነሡ ወደ ዳር ይጥላሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣታቸው ግን አይስትም። «እናቴ፣ ስናር የሚባል ነገር ባይፈጠር ለገብሱ ምን ይጎድልበት ነበር?» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «ምን ይጎድልበታል ልጄ! የበለጠ ያፈራ ነበር እንጂ» አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ወገቤም ያርፍ ነበር» ብለው ጨመሩበት። ከዚህ መልስ የሚበልጥ ከየትም አላገኘሁም። ስናር ማሳ ይፈልጋል፤ የታረሰ መሬት፣ የገበሬ ድካም፣ የገብስ ጎረቤትነት ይፈልጋል። ገብስ ግን ስናርን ለምንም አይፈልገውም። ፍላጎቱ ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው።

ስናርን ግን ክፉ ብሎ ማውገዝም ልክ አይደለም። ስናር ሣር ነው፤ ከብት ይበላዋል። ገብስ ባነሰበት ዓመት ሰውም ከገብሱ ሳይለየው ፈጭቶ ይጋግረዋል። በደንቆሮ ጫካ፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በቦረና ሳይንት ምድር፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ አድኖ ይበላል፤ እርሱንም ክፉ የሚለው የለም። ተፈጥሮ የምትኖርበትን መንገድ ሁሉ ክፋት እያልን ከጠራነው ክፋት ማለት ትርጉም ያጣል። እኔ የማወራው ከዚያ ስለሚከፋው ነው። እርሱም በአንድ ወቅት በዚሁ በስናር ውስጥ አድሮ መጥቷል።

በ1970 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ፣ በዋድላ ደላንታ አውራጃ፣ ሰዎች እግራቸውንና እጃቸውን ያማቸው ጀመር። መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ቀጥሎ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ጣቱ እየጠቆረ ይደርቃል። ቁስል ሳይኖር፣ ሰው ሳይመታው፣ ጣትና እግር ከመገጣጠሚያው እየተላቀቀ የወደቀበት ሰው ነበር። ከመቶ በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከመካከላቸውም የሞቱ ነበሩ። ሐኪሞች መርምረው ምክንያቱን ያገኙት ከእህሉ ነው። በዚያ ወቅት አየሩ ከገብሱ ይልቅ ለስናሩ ተመችቶት ማሳውን ስናር ወርሶት ነበር፤ ስናሩን ደግሞ ኤርጎት የሚባል ሻጋታ ይዞት ነበር። ድሃው ሰው ያገኘውን በላ። አውሮፓውያን በመካከለኛው ዘመን ይህንኑ በሽታ የቅዱስ እንጦንስ እሳት ይሉት ነበር፤ እነርሱንም መንደር ለመንደር ጨርሷቸዋል።

የዚህ ሻጋታ አሠራር ሲነገረኝ ብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ኤርጎት በራሱ ግንድ አያወጣም፤ የራሱ ቅጠል የለውም። አበባው ላይ ያርፍና ፍሬው ሊሆንበት በነበረው ቦታ ይገባል። ተክሉ ፍሬውን ሊያሳድግበት ያዘጋጀውን ምግብ እርሱ እየበላ በፍሬው ፈንታ ያድጋል። መጨረሻ ላይ የሚታየው ከሌላው ፍሬ ረዘም ያለ፣ ጥቁር፣ ጠንካራ ነገር ነው። በእርሱ ቦታ ላይ ጤነኛ ፍሬ መኖር ነበረበት። እንግዲህ ይህ ጥቁር ነገር ለፍሬው ተቃራኒው ነው ልንል እንችላለን? ከእርሱ ጎን የቆመ እኩያው፣ ጥንዱ ነው? እኔ የማየው መሆን የነበረበት ነገር ሳይሆን መቅረቱን ነው። የጥቁሩ ነገር ኃይል ሁሉ ከተሰረቀው ፍሬ የመጣ ነው። ደግ ከሌለ ክፉ የሚያርፍበት የለውም። የቡና ጨዋታው ነገሩን ገልብጦ ይዞታል ማለቴ ነው፤ የሌላው መኖር ግድ የሚሆንበት ክፉው እንጂ ደጉ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚሟገተኝ ሰው ጥሩ ክርክር አለው፤ እኔው ላንሣለት። ከዚሁ ከኤርጎት መድኃኒት ወጥቷል። የአውሮፓ አዋላጆች ከጥንት ጀምሮ ለወላድ ሴት በጥቂቱ ይሰጡት ነበር። በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ ለንደን የነበሩ ተመራማሪዎች ከውስጡ ኤርጎሜትሪን የተባለውን ነገር ለይተው አወጡ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም የሚያቆም መድኃኒት ሆነ፤ በዓለም ዙሪያ ስንት እናት ከሞት እንደተረፈችበት የሚቆጥረው የለም። ያ እግር ያደረቀው መርዝ ነው የእናትን ደም የሚያቆመው፤ የሚሠራውም በዚያው ሥጋን በሚያኮማትር ኃይሉ ነው። ታዲያ እግዜር ሳይደግስ አልተጣላም ማለት አይደለም ወይ?

ድግሱን አልክድም። እናቲቱ መትረፏ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከደላንታ ሰዎች እግር መውደቅ የተነሣ የዳነች እናት አንድም የለችም። መድኃኒቱ ከእነርሱ መታመም ከ40 ዓመት በፊት ተገኝቶ ነበር። ሰው መርዙን ይዞ መድኃኒት ማድረጉ የሰውን ብልሃትና ርኅራኄ ያሳያል፤ መርዙ የግድ መበላት እንደነበረበት ግን አያሳይም። ከክፉ ነገር በጎ ማውጣት ይቻላል፤ ሰዎች ሁልጊዜ ያደርጉታል። ያወጣው ግን በጎው ነው። እግሩን ያጣ ሰው ፊት ቆሞ ያንተ እግር ለመድኃኒቱ አስፈላጊ ነበር የሚል አንደበት ካለ፣ እኔ ከዚያ አንደበት ጋር አልስማማም።

ሌላው ክርክር የመታወቅ ነው። ክፉን ያላየ ደግን አያውቅም ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። የታመመ ሰው ሲድን የጤናን ጣዕም ያውቃል። ለማወቅ ግን ስንት ያስፈልጋል? ጄ. ኤል. ማኪ የተባለ አውስትራሊያዊ ፈላስፋ በ1955 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ጥያቄ አንሥቶት ነበር። ክፉ የሚያስፈልገው ደግ እንዲታወቅ ብቻ ከሆነ ትንሽ፣ ኢምንት ክፉ ይበቃ ነበር ብሏል። ሰውዬው የጻፈው ፈጣሪ የለም ብሎ ለመሟገት ነው፤ በዚያ አልከተለውም። ይህችን ነጥብ ግን ማንም አማኝ ሊያልፋት አይገባም። ደግሞም መልሱ በአገራችን አለ። የቦረና ክርስቲያን በዓቢይ ጾም 55 ቀን ይጾማል፤ ሙስሊሙ ረመዳንን ጎህ ከመቅደዱ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ አፉን ይዘጋል። ማታ ላይ ያ ቴምር፣ ያ ውሃ ምን እንደሚጣፍጥ፣ በፋሲካ ሌሊት ያ የመጀመሪያ ጉርሻ ምን እንደሚመስል የማያውቅ በዚያ አገር የለም። ሰው የእንጀራን ዋጋ በፈቃዱ በጾመው ጾም አውቆታል። እንግዲያ የእንጀራን ዋጋ ለማወቅ ልጅ በረሃብ መሞት ነበረበት ማለት እንዴት ይቻላል?

ወሎ ስል ረሃቡን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃቡ ከሁሉ ይበልጥ የከፋው በምሥራቁ ወገን፣ በራያና ቆቦ፣ በየጁ፣ በአምባሰልና በአፋር ቆላ ነበር። መንግሥት ነገሩን ሸሸገው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ስለ ረሃቡ የሠራውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን እስኪያሳይ ድረስ ዓለም ብዙም አልሰማም ነበር። በኋላ አማርትያ ሴን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ያንን ረሃብ መርምሮ ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። በኢትዮጵያ በጠቅላላው የእህሉ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። ደሴ ገበያ ላይ ዋጋው እንደሚጠበቀው አልናረም። ሰው በሚሞትበት ወቅት ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ተጭኖ ይወጣ ነበር። የተራበው ሰው እህል አጥቶ ሳይሆን እህሉን የሚገዛበት አጥቶ ነው የሞተው።

እንግዲህ ያ ረሃብ የጥጋብ ተፈጥሯዊ ጥንድ ነበር? እንደ ክረምትና በጋ ተራውን ጠብቆ የመጣ ነበር? ዝናብ መጥፋቱ ከሰማይ ነው፤ ሞቱ ግን ከመሸሸግ፣ ከቸልታ፣ የመጨረሻ በሬውን ሽጦ ባዶ እጁን ለቀረ ሰው ከአለማሰብ የመጣ ነው። ክፉና ደግ የግድ አብረው ይኖራሉ የሚለው አባባል የሚጎዳን እዚህ ላይ ነው። ሰው የሠራውን ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል። ተጠያቂ ያጠፋል። የግድ ነው የተባለ ነገር ማን ሊከላከለው ይነሣል?

በክፉ ቀን ደግነት ጎልቶ ይታያል የሚሉኝ አሉ። አንዲት ጣሳ ገብስ ለሁለት የተካፈሉ ጎረቤቶች፣ የሌላውን ልጅ ከልጃቸው ጋር ያሳደጉ ሰዎች በየቀበሌው አሉና እውነት ነው። ያን ደግነት የወለደው ግን ረሃቡ አይደለም። እነዚያ ሰዎች በደህናው ዘመን ጅጌ ሲወጡ፣ በወንፈል ሲተጋገዙ፣ በቅሬያቸው ሲቀባበሩ፣ ወዳጃ ተቀምጠው አብረው ዱዓ ሲያደርጉ፣ ጠበል ጻድቅ ሲጠራሩ የኖሩ ናቸው። ለክፉ ቀን የበቃው በደጉ ቀን የተጠራቀመው ነው። ረሃቡ ለደግነት ያደረገውን ከጠየቃችሁኝ አመነመነው። ለጋሱን ሰው የሚሰጠው አሳጣው፤ እንግዳ ተቀባዩን ለማኝ አደረገው፤ እናትን ከልጆቿ ማንኛውን ላብላ የሚል ምርጫ ውስጥ ከተታት። እንዲህ ያለውን ነገር የደግነት አስተማሪ ብሎ መሾም ለእነዚያ ሰዎች ክብር አይደለም።

የሚገርመኝ ደግሞ በዚያ አገር ጎን ለጎን የሚኖሩት ሁለቱ ሃይማኖቶች ይህን የጥንድ አሳብ አለማስተማራቸው ነው። ክፉና ደግ ከጥንት እኩል የነበሩ ሁለት ኃይሎች ናቸው ብሎ በግልጽ ያስተማረው በ216 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሜሶጶጣሚያ የተወለደው ማኒ ነው። የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተከትሎት ነበር፤ በኋላ ትቶት ወጣና ክፉ የራሱ ባሕርይ የሌለው፣ የበጎ ነገር መጉደል መሆኑን ሲያስተምር ኖረ። በእኛም ቤት ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሳጥናኤል መልካም መልአክ ሆኖ ተፈጥሮ በትዕቢቱ እንደ ወደቀ ይነገራል። በመስጊድም ኢብሊስ ለአደም ስገድ ተብሎ በኩራቱ እምቢ እንዳለ ይነገራል። በሁለቱም ታሪክ ክፉው ዘግይቶ የመጣ ነው። ቤቱ ተሠርቶ፣ ደጉ ሞልቶ ሳለ አንዱ እምቢ አለ። የቡና ጨዋታችን ከሁለቱም ሃይማኖት ሊቃውንት ትምህርት ሸርተት ብሎ ወደ ማኒ የቀረበው መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ መመለስ ግን ይቻላል።

በወንጌል ያለው የስንዴውና የእንክርዳዱ ምሳሌም ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይጠቀሳል። እስከ መከር አብረው ይደጉ ተብሏልና ክፉ መኖር አለበት ይባላል። ምሳሌውን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ግን ባለማሳው እንክርዳዱን እንዳልዘራው ያያል። ጠላት በሌሊት መጥቶ የዘራው ነው። አትንቀሉት የተባለውም ለእንክርዳዱ ተብሎ አይደለም፤ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ነው። ስናር ላይ ሲደርስ እጁን የሚሰበስበው የደጋ ገበሬ ይህን ያለ ሰባኪ ያውቀዋል። የሚሳሳው ለገብሱ ነው።

አንድ ክርክር ግን ለረጅም ጊዜ አስቸግሮኛል፤ እርሱም ከአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ጋር የተያያዘ ነው። ጋሥጫ በዚሁ በቦረና ምድር ያለ ገዳም ነው። አባ ጊዮርጊስ በልጅነቱ በሐይቅ ገዳም ትምህርት አልገባው ብሎ ለመነኮሳቱ እህል ይፈጭ ነበር ይላል ገድሉ፤ ቀን ወፍጮ ሌሊት ጸሎት። በኋላ ከኢትዮጵያ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ሆነ። መጽሐፈ ምሥጢርን የፈጸመው በ1424 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ለመናፍቃን የተሰጠ መልስ ነው። እንግዲህ መናፍቅ ባይኖር ያ ድንቅ መጽሐፍ አይጻፍም ነበር፤ ስለዚህ ስሕተት ለእውነት አስፈልጓታል ሊባል ነው። ይህ የዋዛ ክርክር አይደለም።

መልሱን ያገኘሁት ከዚያው ከአባ ጊዮርጊስ እጅ ነው። እርሱ የጻፈው መጽሐፈ ምሥጢርን ብቻ አይደለም፤ ሰዓታትንም ደርሷል። ሰዓታት እስከ ዛሬ በሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ይቆማል። ልቡ ምስጋና ነው፤ ዓላማው ተከራካሪን መርታት አይደለም። ማንም ባይቃወመው ኖሮም ያ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ያመሰግን ነበር። ከሁለቱ ሥራዎቹ የትኛው ይበልጣል ብዬ አልፈርድም፤ የትኛው ምንጭ፣ የትኛው ጅረት እንደሆነ ግን ግልጽ ይመስለኛል። መልስ መስጠቱ ከምስጋናው ወጣ። ወዶ የሚያመሰግነው ነገር ባይኖረው ኖሮ የሚሟገትለትም አይኖረውም ነበር።

ይቅርታም እንዲሁ ነው። በደል ከሌለ ይቅርታ የለም፤ ይህን መካድ አይቻልም። በወሎ ደም ሲፈስ ሽማግሌ ይገባል፤ በአንዳንዱ ወገን አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች በሁለቱ ዘመዶች መሀል ይመላለሳሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ደም ይደርቃል። የገዳይና የሟች ወገን አንድ ማዕድ ላይ ሲቀርቡ ያየ ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ከዚያ የሚበልጥ ውብ ነገር በሰው ልጅ መካከል ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ቢሆንም የሟችን እናት ጠይቋት። ያ እርቅ ሁሉ ቀርቶ ልጇ በማለዳ በሬውን ነድቶ ሲወጣ ብታየው ትመርጣለች። ምርጫዋም ልክ ነው። እርቅ የሚከበረው ፈርሶ የነበረውን ስለሚያቆም ነው፤ ያለ መፍረሱ ይሻል ነበር። ይቅርታ የወጣበት ፍቅር በደሉ ሳይመጣም እዚያው ቤት ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ነገሩ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ ስላልሆነ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ቤት ለቅሶ ተቀምጧል። መንገድ የወጣ ሰው እስኪመለስ ቤተሰብ አይተኛም። በየለቅሶው ቤት ደግሞ ከልብ የመነጨ፣ ለማጽናናት የሚባል አንድ ቃል አለ፤ ለበጎ ነው ይባላል። የሚሉት ደግ ሰዎች ናቸው። ልጇን የቀበረችው እናት ግን ቃሉን ሰምታ ዝም ስትል ተጽናንታ አይደለም፤ መልስ ስላጣች ነው። የእርሷ ልጅ መሞት ለየትኛው በጎ ነገር እንዳስፈለገ የነገራት የለም፤ ሊነግራት የሚችልም የለም።

ስለዚህ አንባቢዎቼን የምለምነው ይህን ነው። ወደ ቀጣዩ ለቅሶ ስትሄዱ፣ መካነ ሰላምም ይሁን ደሴ፣ አዲስ አበባም ይሁን ባሕር ማዶ፣ ለበጎ ነው አትበሉ። ልጇን ያጣችውን እናት አብሽሪ በሏት፤ አብራችኋት ተቀመጡ፤ ቡናውን አፍሉላት፤ ልጇን በስሙ እየጠራችሁ ደጉን አውሩላት። የሆነው ነገር መሆን እንዳልነበረበት ስትናገርም አትቃወሟት፤ እውነቷን ነው።